ግራ የገባው ሽቦ

ሐሙስ ነው፣ ቦልተን ላይ፣ ዝናቡ አይጠግብም፤
የሱቄ መስታወት ውጭውን አያሳይም።
ደወሏ ጮኸችና ሴትዮዋ ገባች፣
ከካፖርቷ ኪስ ውስጥ መሀረብ አወጣች፤
መሀረቡን ፈታች፣ እንቁላል የያዘች መስላ፣
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው ቀስ ብላ።
«ይኸውልህ ቬፑ፤ አረረ፣ መረረ፣
ከሰኞ ጀምሮ ጉሮሮ ቆረቆረ።»

አፏ እንደ መቀስ ነው፤ ሰባ ስድስት ዓመቷ፣
ዊኒፍሬድ ስሟ ነው፣ ኤንትዊስል አባቷ።
«የቱ ነው ቁልፉ?» አለች። ይህን ልብ አላልኩም።

ክዳኑን ፈታሁት፣ ታንኩን ገለበጥኩት፣
ጥጡን በጉጠቴ ስቤ አወጣሁት፤
መሀሉ ከስሏል፣ ጫፎቹ ርሰዋል፣
ወንዝ ዳር ተቀምጦ ለካስ በጥም ይሞታል።

መጀመሪያ ኦሙን። ቁጥሩ አይረጋም፤
ዜሮ ነጥብ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ደግሞ የለም።
«ብሎኑ ላልቶ ነው» አልኩና በካቻቢቴ
አጠበቅሁ፤ ከዚያም ቁልፉን ተጫንኩ በጣቴ።
ሽቦው ፍም ለበሰ በአንድ እግሩ በኩል፣
ሌላው ዳር ጨልሟል፣ ያልተጠራ ይመስል።
ጥቅሉን ጨመቅሁት፣ ጥርሱን አስገጠምኩት፣
በሴራሚክ ጉጠት ዳብሼ ተኮስኩት፣
ከመሀል ጀምሮ እኩል እንዲበስል።

እኩል አልበሰለም።

አጉሊ መነጽሬን ሳደርግ ነው የገባኝ፦
ጠምጣሚው ግራኝ።

ብሎን ወደ ቀኝ ነው ዞሮ የሚጠብቀው፣
ሽቦው ወደ ግራ ነው የተጠመጠመው፤
ባጠበቅሁት ቁጥር እግሩን ይገፋዋል፣
ስጨብጠው ይሸሻል፣ ስለቀው ይመጣል።
አሥር ዓመት ሠራሁ፣ ስንቱን ጥምጥም ፈታሁ፣
ሽቦው ግራ ገብቶት፣ እኔም ግራ ተጋባሁ።

የጥገና ደብተሩን ሰጠኋት፣ ስሟን እንድትጽፍ።
በቀኝ እጇ ጻፈች።

«እርስዎ አልጠመጠሙትም።»
ብዕሩን አስቀመጠች።
«ዊልፍ ነው» አለች፤ «ወንድሜ። ውጭ ነው፣ መኪናው ውስጥ።
እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከጥር ወዲህ።
ብሎኑ ምንጣፍ ላይ ይወድቅበታል፤
ተንበርክኮ ሲፈልግ፣ እኔ ወደ ጓዳ እሄዳለሁ።
አልገባም አለ። ሰው ያየኛል አለ።»

«አዲስ ልጠምጥምልዎ፤ አምስት ደቂቃ ነው።»
«እንዳትነካ!» አለችኝ፤ «ሽቦውን ተወው።
የእሱ ነው።»

ተውኩት። እግሮቹን ብቻ ከብሎኑ ማዶ አሻገርኳቸው፤
አሁን ብሎኑ ሲዞር ወደ ራሱ ሳባቸው።
ዜሮ ነጥብ ስድስት። እዚያው ረጋ።

ጥጥ ቆርጬ በቀዳዳው ስጠቀጥቅ
እጄን መታችኝ፣ እንደ ልጅ።

«ጆንያ መሰለህ? ጥጥ አይታጨቅም!
ከአሥራ አምስት ዓመቴ ባዘቶ ክፍል ነበርኩ፣
ማሽኑን ሳጎርሰው ስንት ክረምት ኖርኩ፤
ከታጨቀ ያንቃል፣ ከሳሳ ያፈሳል፣
ልኩን ሲያገኝ ጥጡ ራሱ ይተነፍሳል።»

ጣቶቿ ጎብጠዋል፣ ግን አልተሳሳቱም፤
ጅራቶቹን ፈልፈል አድርጋ ግማሹን ነጨች፣
ሳትጫን አስተኛቻቸው፣ ጠብታ በጠብታ አጠጣች።
የዚያን ጊዜው ብናኝ ደረቷ ውስጥ አለ፤
ስትስቅ ይሰማል።

ቁልፉን ተጫንኩ። ትንሽ ተንተከተከ፣ ከዚያ ዝም።
ናና ብቻ። ቃጠሎ የለም።
«ሞክሩት» አልኳት። «እኔ? እንዲህ ያለውን ቆሻሻ?»
መሀረቧን ቋጠረች፣ በሳንቲም ከፈለች፣ ወጣች።

በእጅጌዬ መስታወቱን ጠረግሁ።
ከመንገዱ ማዶ የመኪና መስኮት
አንድ ጣት ያህል ወረደ፤
ነጭ ደመና ወጣ፣ ዝናቡ በታተነው።
ደግሞ አንድ።
መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ደብተሩ ላይ፣ «ምክንያት» ከሚለው ሥር፣
«ጥጥ» ብዬ ጻፍኩ።